የወፍጮ ቤቱ ስልክ

ማክሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ አንዲት አሮጊት ወደ ቢሯችን ገቡና ጃንጥላቸውን በሩ ጥግ አስደግፈው፣ “ስሜ የለም” አሉ። ነገሩ የጀመረው በዚህ ነው።

አልተቆጡም። ሱቅ ሄዶ ዘይት አልቋል የተባለ ሰው እንደሚናገረው ነበር የተናገሩት። ዓርብ ዕለት ከደረጃው ሥር በለጠፍነው ዝርዝር ላይ ስማቸውን ፈልገው ነበር፤ ማንበብ ስለማይችሉ አንድ መንገደኛ የፋብሪካ ሠራተኛ አቁመው ከላይ እስከ ታች አስነበቡት። የእሳቸው ስም የለም። የጎረቤቶቻቸው የለም። የወንድማቸው ልጅ የለም። ከመንደራቸው ሰው ዝርዝሩ ላይ የተገኘው አንድ ብቻ ነበር፤ ባለወፍጮው።

ቢሮው ሰበታ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ አንድ የቀለምና የቆርቆሮ መደብር ፎቅ ላይ ነበር። መሬታቸው ለፋብሪካ የተወሰደባቸውን ቤተሰቦች ለምትክ ቦታ የሚመዘግብ ፕሮጀክት ነው። ቡራዩና ሱሉልታም አንዳንድ የመመዝገቢያ ክፍል ነበረን። እኔ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ብዙ አልቆየሁም፤ የተማርኩት ኮምፒውተር ሳይንስ ነው፣ ሥራዬም ሲስተሙ እንዳይቆም መጠበቅ ነበር። ሲስተሙን የሠራው አዲስ አበባ ያለ አንድ ፕሮግራመር ነው፤ ሠርቶ፣ አስረክቦ፣ ሄዷል። ከሰው ይልቅ ከማሽን ጋር መዋል ስለሚቀለኝ ቦታው ተስማምቶኝ ነበር። ስልክ እንኳ አላነሳም። የቢሮው ስልክ የመዝጋቢዋ ባልደረባዬ ጠረጴዛ ላይ ነበር፣ እሷ ደግሞ ስልክ ማንሳት ትወዳለች።

ወቅቱ አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ ያሰፋል የተባለው ማስተር ፕላን ቀርቷል ከተባለ በኋላ ነው። ፕላኑ ቀረ ተባለ እንጂ ነገሩ አልቀረም። አንዳንድ ጠዋት መንገዱ በድንጋይ ተዘግቶ እናገኘዋለን፤ አንዳንድ ጠዋት ድንጋዩ ተነሥቶ አስፋልቱ ላይ የተቃጠለ ጎማ ጥቁር ክብ ብቻ ይቀራል። የስልክ ኢንተርኔት ሲጠፋ ማንም ለምን ብሎ አይጠይቅም ነበር። ታክሲ ውስጥ ሰው ስለ ዝናብ ያወራል። በዚህ መሐል እኛ ተቀምጠን የባለመሬት ስም እንመዘግባለን።

አሮጊቷን ወንበር ሰጠኋቸውና ፍለጋ ጀመርኩ። በስማቸው ፈለግኩ፣ በአባታቸው ስም ፈለግኩ፣ በቀበሌ ፈለግኩ። የሉም። ባልደረባዬ ወደ ስክሪኔ ጎንበስ ብላ አየች።

“እኔው ነኝ የመዘገብኳቸው” አለች። “ጃንጥላቸውን ሁሉ አውቀዋለሁ። አይደል እማማ?”

“አንቺ ነሽ” አሉ አሮጊቷ። “ያኔ ጥፍርሽ ቀይ ነበር።”

ባልደረባዬ ጥፍሯን አየች። ቀለሙ ከለቀቀ ቆይቷል። መዝግባቸው ስትጨርስ እንደ ሁልጊዜው ስክሪኑ ላይ በአረንጓዴ ጽሑፍ “ምዝገባዎ ተጠናቋል” የሚል እንደ ወጣ ምላ ነገረችኝ። አመንኳት። ወሬ ታበዛለች እንጂ ሥራዋን የምትዘልል ሰው አልነበረችም።

አሮጊቷ የመጡት ለራሳቸው ስም ብቻ አልነበረም። ቀስ ብለው፣ ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ፣ መንደሩ ውስጥ የሚባለውን ነገሩኝ። ባለወፍጮው ለራሱ ተመዝግቦ ሌላውን አሰርዟል፣ የቢሮ ሰው ሆኗል እየተባለ ነው። እህላቸውን ተሸክመው ራቅ ወዳለ ሌላ ወፍጮ የሚሄዱ አሉ። እሑድ ማታ ደግሞ የወፍጮ ቤቱ ቆርቆሮ በድንጋይ ተደብድቧል።

“በዚህ ጊዜ ቤት እንዴት እንደሚቃጠል ታውቂያለሽ፣ ኢንተላ ኮ” አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። “እሱ ክፉ ሰው አልነበረም። ሆኖ ከሆነም ንገሪኝና ልወቀው።”

ምን ብዬ እንደ መለስኩላቸው አላስታውስም። ምናልባት አየዋለሁ ብያቸው ይሆናል። ለኃላፊያችን ነገርኳቸው። ለጡረታ የተቃረቡ፣ መነጽራቸውን በክራቫታቸው ጫፍ የሚወለውሉ ሰው ነበሩ። የዚያን መንደር ስም ባልደረባዬ ከቦክስ ፋይል እያወጣች ስታነብ፣ እኔ ኮምፒውተሩ ላይ እየፈለግኩ የለም፣ የለም ስል ቆመው ሰሙ። ወደ አርባ የሚጠጋ ቤተሰብ ነው።

“ከአንድ መንደር አንድ ሰው ብቻ?” አሉ። “ይሄ እኮ ዝርዝር አይደለም፤ ክብሪት ነው።”

የመጨረሻው ዝርዝር በማግስቱ፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ለበላይ መሥሪያ ቤት ይላካል። እዚያ ላይ የሌለ ሰው ምትክ ቦታ የለውም።

በዚያ ሰሞን ከጸጥታ በኩል ወደ ቢሯችን የሚመላለስ አንድ ሰው ነበር። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ሻያችንን ይጠጣል፣ አንዳንዴ ጋዜጣ ይገልጣል፣ ብዙውን ጊዜ ዝም ይላል። ያን ቀን ወንበሩን ወደ እኛ አዞረ። ኃላፊያችን የሲስተም ችግር ነው፣ ኔትወርክም ሊሆን ይችላል እያሉ ሲያስረዱት ራሱን ነቀነቀ።

“ኮምፒውተር ሰው አይመርጥም” አለ። “ከኋላው ሰው አለ። ማን እንደሆነ ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በጽሑፍ ይቅረብ፣ እህት።”

እኔ የተማርኩት ሲስተም ሲበላሽ ምን ተበላሸ ብሎ መጠየቅ ነው። ማን ብሎ መጀመር አልተማርኩም። ይህን ግን አልነገርኩትም፤ እሺ አልኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ ወድጄዋለሁ። ችግር ፍለጋ ጸጥ ያለ ሥራ ነው፤ አንዱን ነገር ነክቶ ሌላውን እንዳለ ትቶ ማየት ነው። መጀመሪያ የተጠረጠረው ኔትወርኩ ነበር። ነገር ግን ቡራዩ የተመዘገቡት ገብተዋል። ከእንጦጦ ማዶ ሱሉልታ ያሉት፣ መስመሩ በቀን ስንት ጊዜ የሚቆረጥባቸው፣ እነሱም ገብተዋል። ሰርቨር የምንለው ኮምፒውተር ደግሞ ያለው እዚያው ሰበታ፣ እኔ ጠረጴዛ ሥር ነው፤ እግሬ ሲበርደኝ የምጠጋው እሱን ነበር። አሮጊቷ የተመዘገቡት ከእሱ አጠገብ ተቀምጠው ነው። የሩቁ ገብቶ የቅርቡ ከቀረ ኔትወርክ አይደለም።

ዲስኩ አልሞላም። የይለፍ ቃሉ አልተቀየረም። የጸጥታው ሰው እንዳለው አንድ ሰው ገብቶ አጥፍቶ እንደሆነ ለማየት፣ በየሳምንቱ የማስቀምጠውን ቅጂ አውጥቼ አሁን ካለው ጋር አስተያየሁት። በአንዱ ያለው በሌላውም አለ። ስሞቹ ገብተው የወጡ አልነበሩም፤ ከመጀመሪያው አልገቡም። ይህ አንድ ነገር ነው። ስሙን ያጠፋ ሰው የለም ማለት ነው። ግን ለምን እንዳልገቡ አሁንም አላውቅም።

አንድ የፈጠራ ስም ጻፍኩና የራሴን ስልክ ሞልቼ ላክሁት። ገባ። አጠፋሁት። ከዚያ ባልደረባዬን አሮጊቷን እንደገና እንድትመዘግባቸው፣ ልክ ሁልጊዜ እንደምታደርገው እንድታደርግ ጠየቅኳትና ከኋላዋ ቆምኩ። ስም ጻፈች፣ የአባት ስም ጻፈች፣ ቀበሌ መረጠች። ስልክ የሚለው ቦታ ላይ ስትደርስ ቀና ሳትል ጣቶቿ ሮጡ። አረንጓዴው ጽሑፍ ወጣ። ወደ እኔ ጠረጴዛ ተመልሼ አየሁ። የሉም።

“ስልካቸውን ሳትጠይቂያቸው ነው የሞላሽው” አልኳት።

“ምን እጠይቃቸዋለሁ? የዚያ መንደር ሰው ሁሉ የሚሰጠኝ አንድ ቁጥር ነው። እቴ፣ የባሌን ቁጥር በቃሌ አላውቀውም፤ ይሄንን ግን ተኝቼም አወርደዋለሁ።”

“የማን ነው?”

“የወፍጮ ቤቱ ነዋ” አሉ አሮጊቷ ከወንበራቸው። የማን ሊሆን ኖሯል በሚል ድምፅ ነበር።

ፕሮግራመሩ ዘግቶት የሄደውን የስህተት መከታተያ ከፈትኩ። ይህ ስሞቹ የሚከማቹበት ዳታቤዝ አንድን ነገር እንቢ ሲል ምክንያቱን የሚጽፍበት ፋይል ነው። ባልደረባዬ አሮጊቷን አንዴ፣ ከዚያ ጎረቤታቸውን፣ ከዚያ የወንድማቸውን ልጅ መዘገበች። ፋይሉ ላይ ሦስት መስመር ተጻፈ፤ ሦስቱም አንድ ዓይነት ነው። ይህ ስልክ ቁጥር ከዚህ በፊት አለ፣ ሁለተኛ አልቀበልም ይላል። በየመስመሩም ቁጥሩ ሙሉውን ተቀምጧል።

ፕሮግራመሩ ቦታ ለደረሰው ሰው መልእክት በስልክ ይላካል ብሎ፣ ሁለት ሰው በአንድ ቁጥር እንዳይመዘገብ ከልክሎ ነበር። ለከተማ ሰው ልክ ነው። ቡራዩ ሁሉም በየኪሱ ስልክ አለው፤ ሱሉልታም ቢሆን አብዛኛው። ከተፍኪ መንገድ ገባ ብሎ ባለው በዚያ መንደር ግን ባለወፍጮው ቀድሞ መጥቶ በራሱ ቁጥር ተመዘገበ፤ ከእሱ በኋላ የመጣው ሁሉ ያንኑ ቁጥር ስለ ሰጠ አልገባም። ፎርሙ ደግሞ ዳታቤዙ ምን እንደ መለሰ ሳይሰማ ለሁሉም ተጠናቋል ይል ነበር። በቃ ይኸው ነው። ከሰዓት በፊት ያገኘሁት ምክንያት ይህ ነበር፤ ለአንድ አፍታም ደስ ብሎኛል።

ቀጥሎ ያየሁት እነዚያን ሦስት መስመሮች ነው። ሪፖርት ሲባል ማስረጃ አለው፤ ማስረጃው ይህ ፋይል ነው። ፋይሉ ታትሞ የጸጥታው ሰው እጅ ቢገባ የሚያነበው የዳታቤዝን ሕግ አይደለም። የሚያነበው አንድ መንደር ሙሉ አንድን ሰው ስልክ እንደሚሰጥ ነው። እናትና አባቴ ያሉበት ሱሉልታ፣ በእኛ ሰፈር፣ አንድ አስተማሪ በዚያው ዓመት ተወስዶ ነበር። ምክንያቱን ማንም በግልጽ አልተናገረም፤ ቤተሰቡ የሚያውቀው ቁጥሩ በብዙ ተማሪ ስልክ ውስጥ በመገኘቱ ለአድማ የምትደውል አንተ ነህ መባሉን ብቻ ነው። አስተማሪ ስለሆነ ነበር ቁጥሩ በብዙ ተማሪ ስልክ ውስጥ የተገኘው።

ለኃላፊያችን፣ ፍንጭ አግኝቻለሁ፣ ቦታው ድረስ ሄጄ ማጣራት አለብኝ አልኳቸው። ቦታ ድረስ ሄጄ የማውቅ ሰው ስላልነበርኩ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። ከአሮጊቷ ጋር ወደ ተፍኪ የሚሄድ ሚኒባስ ያዝን። እሳቸው መስኮት አጠገብ ተቀምጠው የትኛው የፋብሪካ አጥር ከዚህ በፊት የማን ማሳ እንደነበር እያሳዩኝ ሄዱ። የራሳቸው ጋ ስንደርስ አልቆሙም፤ “ያ የእኔ ነው” ብለው ወደሚቀጥለው አለፉ።

ወፍጮ ቤቱ ትንሽ ጉብታ ላይ ነው። በዚያ አካባቢ ኔትወርክ በደንብ የሚይዘው እዚያ ብቻ ነበር፤ መብራት ሲሄድ የሚነሣ ሞተርም ያለው እሱ ብቻ። ስልክ የሌለው የእሱን ቁጥር ይሰጣል። ስልክ ያለውም፣ ቤቱ ኔትወርክ ስለማይዝለትና ባትሪው ስለሚሞት፣ ያው የእሱን ይሰጣል። ሰው ሲደውል ባለወፍጮው ከዚያ ሰፈር ሊያስፈጭ ለመጣ ሰው ይነግራል፣ መልእክቱ ከዱቄቱ ጋር ቤት ይገባል። ይህን ሁሉ የነገሩኝ አሮጊቷ ናቸው፤ የነገሩኝም ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ለመጠየቄ እየታዘቡኝ ነበር።

ስንደርስ የሚያስፈጩት ሁለት ሴቶች ብቻ ነበሩ። “አካም ኦልተን” ብዬ ሰላምታ ሰጠሁ፤ ድምፄ በሞተሩ ተዋጠ። ባለወፍጮው ሞተሩን አጠፋ። ሃምሳ ዓመት አካባቢ የሚሆነው፣ ቅንድቡ ድረስ ዱቄት የለበሰ ሰው ነው። አሮጊቷ ጃንጥላቸውን ለእሱ አቀበሉት፣ እሱም ተቀብሎ ሰቀለው።

ከሁለቱ ሴቶች አንዷ ወደ እኔ ዞራ፣ “የቢሮ ልጅ ነሽ?” አለችኝ። ነኝ አልኳት።

“እኔ እዚህ የመጣሁት ወድጄ እንዳይመስልሽ” አለች፣ እሱ እንዲሰማ ጮክ ብላ። “ያኛው ወፍጮ ጠጠር ያበላል። ከጠጠር ከሃዲ ይሻላል ብዬ ነው።”

“ከሃዲው እንኳን ሚዛን አያጎድልም” አላት እሱ።

“ሚዛንስ አታጎድልም። መልእክት ነው የምታጎድለው። የልጄን የሥራ ጥሪ በስንተኛው ገበያ ነው የነገርከኝ?”

“ጤፍሽን ስታመጪ ነገርኩሽ። ጤፍ ካላመጣሽ ምን ላድርግ?”

ሌላኛዋ ሴት በነጠላዋ አፏን ይዛ ሳቀች። እኔ ወደ ጎን ልወስደው ፈልጌ ነበር፣ ግን እንዴት እንደሚባል ጠፋብኝ። አሮጊቷ በኦሮምኛ አንድ ነገር ብለውት ነው ከኋላ ወዳለው የሞተር ክፍል የገባነው።

የነገርኩት በአጭሩ ነው። ስማቸውን ያጠፋ ሰው እንደሌለ፣ ማሽኑ አንድን ቁጥር ሁለቴ እንደማይቀበል፣ ቁጥሩ ደግሞ የእርስዎ ነው አልኩት። በጣም ቶሎ ገባው። ቅድም እኔ ስንት ጊዜ እንደ ፈጀብኝ ትዝ አለኝና አፈርኩ።

“እንግዲህ ስልኬ ከእኔ በላይ ታዋቂ ሆነ በይኛ” አለ። ከዚያ ፈገግታው ጠፋ። “ባለፈው ወር ጠርተውኝ ነበር። እዚያ ሰው ለምን ይሰበሰባል አሉኝ። ወፍጮ ቤት ነው አልኳቸው፤ ወፍጮ ቤት ሰው የማይሰበሰብበት አገር አሳዩኝ። ሁለተኛ እንዳንጠራህ ብለው ለቀቁኝ።”

አሮጊቷ ይህን አያውቁም ነበር። ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ።

“ምክንያቱ ከታወቀ እነዚህ ይታረቁኛል” አለ፣ በአገጩ ወደ ሴቶቹ እያመለከተ። “እነዚያ ደግሞ ይጠሩኛል። ካልታወቀ እነዚያ ይተዉኛል፣ እነዚህ ቤቴን ያቃጥሉታል።” ለራሱ እንደሚያሰላ ሰው ነበር የተናገረው። “ወረቀቱ ላይ ቁጥሬ ይወጣል?”

“ሪፖርቱን ገና አልጻፍኩትም” አልኩት።

ሌላ አልጠየቀኝም። እንዲህ አድርጊልኝ አላለኝም፤ ቢለኝ ምናልባት ይቀለኝ ነበር። ስወጣ ሞተሩን እያስነሣ፣ “የእነዚህን ሰዎች ስም ግን አስገቢ” አለ። “እኔ አንድ ሰው ነኝ።” አሮጊቷ መንገዱ ድረስ ሸኙኝ። “ገላቶሚ” ብለው አመሰገኑኝ፤ ገና ምንም ሳላደርግ።

ሲመሽ አለም ገና ላይ መንገድ ተዘግቶ ስለነበር ብዙውን በእግሬ ሄድኩ። የምኖረው ቡራዩ፣ አክስቴ ቤት ነበር። አክስቴ ለምን እንደ ዘገየሁ ስትጠይቀኝ ሥራ ነው አልኳት፤ እሷም ሌላ አልጨመረችም። በዚያን ጊዜ ደህና መግባት በቂ መልስ ነበር።

በማግስቱ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወጣሁ። መንገዱ ተከፍቶ ነበር። አሸዋ ሜዳ፣ ጦር ኃይሎች፣ አየር ጤና፣ እያልኩ ከሌሎቹ ቀድሜ ቢሮ ደረስኩ። ዘበኛው ተገርሞ ከፈተልኝ።

መጀመሪያ ቁጥር እንዳይደገም የሚከለክለውን ሕግ ከዳታቤዙ አነሣሁ። ፎርሙም ዳታቤዙ ተቀብያለሁ ሳይል አረንጓዴውን ጽሑፍ እንዳያወጣ አስተካከልኩት። ሁለቱም ቀላል ሥራ ነበሩ። ትናንት እኔ የከፈትኩትን የስህተት መከታተያ ዘጋሁት፣ የያዘውንም መስመር አጠፋሁ። የባለወፍጮው የራሱ ምዝገባ እንዳለ ቀረ፤ አንድ ሰው አንድ ስልክ ያለው ነገር ነው፣ ማንም አያየውም። ከዚያ የመንደሩን የይዞታ ደብተር ኮፒ ከቦክስ ፋይል አውጥቼ ከአሮጊቷ ስም ጀመርኩ።

ብዙም ሳልገፋ ባልደረባዬ መጣች። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ አጠገቤ ቆማ ማንበብ ያዘች፤ እሷ ታነባለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ስልክ የሚለው ላይ ስንደርስ እንደ ልማዷ ያንን ቁጥር ማውረድ ጀመረች።

“የቢሮውን ነው የምሞላው” አልኳት።

ቆም ብላ አየችኝ። የቢሮውን ቁጥር በቃሏ ስለማታውቀው ሄዳ ስልኩ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት አነበበችልኝ። “ይሄን ሁሉ ሰው ማን ሊያነጋግረው ነው?” አለች ስንቀጥል። “ቀጥሎ ያለው ስም ማን ነው?” አልኳት።

በሦስት ሰዓት ሪፖርቱ ኃላፊያችን ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ ከግማሽ ገጽ አይበልጥም። ሲስተሙ የተደጋገመ ስልክ ቁጥር አይቀበልም ነበር፣ በገጠር ደግሞ ሰው በሰው ስልክ ስለሚመዘገብ ብዙ ስም ሳይገባ ቀርቷል፣ ያጠፋ ሰው የለም፣ ተስተካክሏል ይላል። ኃላፊያችን አንብበው ትንፋሻቸውን ለቀቁ። የጸጥታው ሰው ግን ሁለቴ አነበበው።

“በሰው ስልክ” አለ። “በማን?”

“ስልክ ካለው ሰው ነው የሚዋሱት” አልኩ።

“ታዲያ ባለወፍጮው ብቻውን እንዴት ገባ?”

“የራሱ ስልክ ስላለው።”

ወደ ባልደረባዬ ዞረ። “አንቺ ነሽ የምትመዘግቢው። የትኛውን ቁጥር ነበር የሚሰጡሽ?”

“እኔ?” አለች። “እኔ የባሌንም ቁጥር በቃሌ አላውቅ።”

ተነሥቶ ወደ እኔ ኮምፒውተር መጣና የመንደሩን ሰዎች እንዳሳየው ጠየቀኝ። አሳየሁት። ከባለወፍጮው በቀር ከላይ እስከ ታች ያው አንድ ቁጥር ነው። አንድ ነገር ያገኘ መስሎት ሞባይሉን አወጣና ቁጥሩን እያየ መታ። ባልደረባዬ ጠረጴዛ ላይ ያለው ስልክ ጮኸ።

ባልደረባዬ እጇን ዘርግታ ነበር፤ እኔ ቀድሜያት ሄጄ አነሣሁት። “ሃሎ” አልኩ። እሱ ከክፍሉ ወዲያ ማዶ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ እያየኝ ነበር።

“ዛሬ ጠዋት እኔ ነኝ የሞላሁት” አልኩት በስልኩ ውስጥ። “መልእክት ሲመጣ እኛ እንድናደርስላቸው።”

የገመተ ይመስለኛል። ሞኝ ሰው አልነበረም። ነገር ግን አንድ ሰው ገምቶ የሚይዘው ወረቀት ሲያጣ ምን እንደሚያደርግ እሱም ወዲያው የወሰነ አልመሰለኝም። ኃላፊያችን ናቸው የጨረሱት። መነጽራቸውን አደረጉና፣ “ሰዎቹ ገብተዋል። ወሬው ይቁም። ዝርዝሩ ይሂድ” አሉ፤ በቢሮው ውስጥ ጮክ ብለው ሲናገሩ ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። የጸጥታው ሰው ሞባይሉን ኪሱ ከተተ። “ጎበዝ ነሽ” አለኝና ሻይ ጠየቀ።

አዲሱን ዝርዝር አትሜ ወረድኩ። የድሮውን ነቅዬ እሱን ለጠፍኩ፣ ነፋስ እንዳያነሣው አራቱንም ማዕዘን በፕላስተር ያዝኩ። አሮጊቷ ገና አልመጡም ነበር። ጎዳናው ላይ የፋብሪካ ሠራተኞች ወደ ፈረቃቸው ይሄዳሉ፤ ቆሞ የሚያነብላቸው አያጡም ብዬ ወደ ላይ ተመለስኩ።

ከዚያ የቢሮውን ስልክ ከባልደረባዬ ጠረጴዛ አነሣሁት። ገመዱ እኔ ጋ አልደረሰም። መልሼ አስቀመጥኩትና ጠረጴዛዬን ወደ እሱ ገፋሁት።